የሙላን አሥራ ሁለት ዓመታት

የሙላንን ታሪክ ለትውልድ ያቆየው የቻይና ግጥም አጭር ነው። በቻይንኛ ጽሕፈት ሲቆጠር ከ300 ጥቂት ከፍ የሚል ምልክት ቢኖረው ነው፤ ሳይቸኩሉ ጮክ ብለው ቢያነቡትም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በውስጡ አንዲት ልጅ ከሽመና ዕቃዋ ጋር ተቀምጣ ስትተክዝ እናገኛታለን። አባቷ ለዘመቻ ተጠርቷል፤ ታላቅ ወንድም የላትም። ፈረስና ኮርቻ ገዝታ በአባቷ ፈንታ ትዘምታለች። ስትመለስ ንጉሡ ሹመት ይሰጣታል፣ እሷ ግን ወደ ቤቷ የሚያደርሳትን ብቻ ትለምናለች። ከዚያም የሴት ልብሷን ለብሳ ስትወጣ አብረዋት የዘመቱት ጓዶቿ ክው ይላሉ። ጦርነቱስ? ጦርነቱ በስድስት ስንኝ ያልቃል። እያንዳንዱ ስንኝ አምስት ምልክት ስላለው መዝመቱም፣ ብርዱም፣ ሞቱም፣ መመለሱም በ30 ምልክት ተነግሮ ያበቃል። ጓዶቿ አብረዋት የኖሩት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ከ1,400 ዓመት በላይ ደራሲዎችን፣ የኦፔራ ተዋንያንን፣ ኋላም የፊልም ሰዎችን ሲስብ የኖረው ይህ ክፍተት ነው። ልጅቷ እዚያ ምን አየች? ማንን ገደለች? ማን በእጇ ላይ ሞተ? ግጥሙ አይመልስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ጦርነት እያመጣ እዚያው ክፍተት ውስጥ ሲያስገባ ኖሯል። በ2009 ቻይና ውስጥ የታየው «ሁዋ ሙላን» የተሰኘው ፊልም ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፦ አሥራ ሁለቱ ዓመታት ውስጥ ይገባል፣ ገብቶም ይቆያል። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግጥሙ የወጣበትን አገር ማየት ያስፈልጋል። ከ386 እስከ 534 የቻይናን ሰሜን የገዛው የሰሜን ዌይ ሥርወ መንግሥት የተመሠረተው ሺያንቤይ በሚባሉ አርብቶ አደሮች፣ በተለይም በቱዎባ ጎሣ ነው። ዋና ከተማቸው ፒንግቼንግ በዛሬዋ ዳቶንግ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ ሣሩና በረሃው ይጀምራል። ከበረሃው ማዶ ደግሞ ሩራን የሚባል የፈረሰኛ ሕዝብ ኅብረት በሞንጎሊያ አምባ ላይ ነግሦ ነበር። የዌይ ገዢዎች ራሳቸው ከፈረስ ወርደው ዙፋን ላይ ከተቀመጡ ገና ብዙ ትውልድ አላለፈም፤ አሁን ግን ከኋላቸው የሚመጣውን ሌላ ፈረሰኛ መመከት ነበረባቸው። ንጉሠ ነገሥት ታይዉ በ429 ጦሩን እየመራ ጎቢን ተሻግሮ ሩራንን ክፉኛ መታው። በሰሜኑ ድንበርም የጦር ሰፈሮች ተደረደሩ፤ በታሪክ ስድስቱ ሰፈሮች ተብለው ይታወቃሉ። ሙላን የኖረች ሰው ከሆነች፣ የዘመተችው ወደዚህ መስመር ነው። በግጥሙ ውስጥ ቢጫውን ወንዝ አልፋ ወደ ሰሜን ተራሮች ነው የምትጓዘው።

በግጥሙ ንጉሡ አንድ ጊዜ «ካን»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የሰማይ ልጅ» ይባላል። ይህ የቱዎባዎች ዘመን አሻራ እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። በ1980 በውስጥ ሞንጎሊያ ጋሺያን በተባለ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተገኘ ጽሑፍም ያግዛቸዋል። ጽሑፉ በ443 የታይዉ መልእክተኞች ለቅድመ አያቶቹ ባቀረቡት መሥዋዕት ወቅት የተቀረጸ ሲሆን፣ እነዚያን ቅድመ አያቶች ካን እያለ ይጠራቸዋል።

ሴት ልጅ ፈረስ ጋልባ ወደ ጦር ሜዳ መሄዷስ በዚያ አገር ምን ያህል ይታመናል? በሰሜኑ ከደቡቡ ይልቅ ይታመናል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ያን ዢትዊ የተባለ ምሁር ለልጆቹ በጻፈው የምክር መጽሐፍ፣ የሰሜን ሴቶች ቤቱን እንደሚያስተዳድሩ፣ ለሙግት ችሎት እንደሚቆሙ፣ ለባልና ለልጅ ሹመት ደጅ እንደሚጠኑ በመገረም ዘግቧል። የሰሜን ዌይ ቤተ መንግሥትም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለዓመታት የተመራው በእቴጌ ፌንግ ነበር። በ2020 ደግሞ ክሪስቲን ሊ እና ያሃይራ ጎንዛሌዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰሜን ሞንጎሊያ መቃብሮች የወጡ አጥንቶችን አጥንተው፣ ከሺያንቤይ ዘመን ሰዎች መካከል የሁለት ሴቶች አፅም ደጋግሞ ፈረስ የመጋለብና ቀስት የመሳብ ምልክት እንዳለበት ገልጸዋል። አንዷ ከ50 ዓመት በላይ፣ ሌላዋ 20 ዓመት ገደማ ነበሩ። አጥንት ስም አይናገርም፤ እነዚህ ሴቶች ሙላን ናቸው የሚልም የለም። ግን በዚያ ዘመንና በዚያ ምድር ቀስት የምትስብ ሴት ከተረት ዓለም የመጣች እንዳልነበረች ያሳያሉ።

የሥርወ መንግሥቱን ታሪክ የያዘው የዌይ መጽሐፍ ስለ ሙላን አንድም ቃል የለውም። ግጥሙ ራሱ የተገኘበት የ6ኛው ክፍለ ዘመን መድበል ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናውቀው ጉዎ ማውቺየን ከዘመናት በኋላ ባዘጋጀው ትልቅ የዜማ ግጥሞች ስብስብ አማካይነት ነው። ይህ ግን በሄናን የምትገኘውን ዩቼንግን፣ በዉሃን የሚገኘውን ሁዋንግፒን፣ በአንሁይ የምትገኘውን ቦዡንና ሌሎችንም የትውልድ መንደሯ የእኛ ነው ከማለት አላገዳቸውም። ሁዋንግፒ በስሟ የሚጠራ ተራራ አለው።

በግጥሙ ውስጥ ለጦርነቱ ከተሰጠው ቦታ ብዙም የማያንስ ቦታ ለገበያው መሰጠቱ ይገርማል። ልጅቷ ፈረሱን ከአንዱ ገበያ፣ የፈረሱን ዕቃ ደግሞ ከሌሎቹ እየዞረች ትሸምታለች። አንባቢ ይህን እንደ ጌጥ ሊያልፈው ይችላል። በሰሜን ቻይና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋውን የፉቢንግ ሥርዓት ለሚያውቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ወታደሩ ከትጥቁና ከስንቁ ብዙውን ራሱ ይዞ ነበር የሚመጣው። ዘመቻ ከቤት ሰው ብቻ ሳይሆን ጥሪትም ይወስድ ነበር ማለት ነው። ያ ቤተሰብ ለሴት ልጁ ፈረስ ሲገዛ ምን ሸጦ ይሆን? ግጥሙ የንጉሡን የጥሪ ጥቅልሎች ሲጠቅስም በእያንዳንዱ ላይ የአባቷ ስም እንዳለ ይናገራል። መዝገቡ የሚፈልገው ከዚያ ቤት አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ካልቀረበ ቤቱ ይጠየቃል። ሙላንን ያስነሳት የጀግንነት ጥማት ነው የሚሉ አሉ። ግጥሙ እንዲህ ያለ ጥማት አላወራም፤ ያወራው ስለ ሽማግሌ አባትና ስለ መዝገብ ነው።

ክፍተቱን መሙላት የጀመሩት የመድረክ ሰዎች ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሚንግ ዘመን ደራሲ የነበረው ሹ ዌይ ስለ ሙላን ተውኔት ሲጽፍ «ሁዋ» የሚለውን የቤተሰብ ስም ሰጣት፤ እስከ ዛሬ በዚያው ትጠራለች። ሹ ዌይ በቻይና ጠረፍ ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ይዋጋ በነበረ አዛዥ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ስለሠራ፣ የእሱ ሙላን የምትዋጋው ከሽፍቶች ጋር ነው። ከቤት ከመውጣቷ በፊትም የታሰሩ እግሮቿን ትፈታለች። እግር ማሰር የሰሜን ዌይ ሰዎች የማያውቁት፣ ከዘመናት በኋላ የመጣ ልማድ ቢሆንም፣ የሚንግ ተመልካች በእግሯ ያልተሰቃየች ጨዋ ልጅ ማሰብ አይችልም ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቹ ሬንሁዎ በልቦለዱ ከሁሉም የመረረውን መጨረሻ ጻፈላት፦ ካኑ ቁባቱ ሊያደርጋት ሲፈልግ ራሷን ታጠፋለች። በዚያን ጊዜ ቻይናን የሚገዙት ማንቹዎች ነበሩ፤ ለባዕድ ገዢ መገዛት ምን ማለት እንደሆነ የዘመኑ አንባቢ ያውቀዋል።

ሲኒማ ደግሞ ክፍተቱን በሚነድ እሳት ሞላው። ከሙላን ፊልሞች እጅግ ከባድ ዕጣ የደረሰበት በ1939 ሻንጋይ ውስጥ የተሠራው «ሙላን ዘመተች» ነው። ከተማዋ ከ1937 መጨረሻ ጀምሮ በጃፓን ጦር እጅ ወድቃለች፤ ያልተያዙት የውጭ አገሮች የሚያስተዳድሯቸው ሰፈሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ነዋሪው «የሙት ልጅ ደሴት» ይላቸው ነበር። በዚያች ደሴት ላይ ጃፓንን በስሙ ጠርቶ የሚያወግዝ ፊልም መሥራት አይቻልም። የቲያትር ሰው የሆነው ኦዩያንግ ዩቺየን የፊልሙን ጽሑፍ አዘጋጀ፣ ቡ ዋንጻንግ ዳይሬክተር ሆነ፣ ከሆንግ ኮንግ የመጣችው ቼን ዩንሻንግ ሙላንን ተጫወተች። ከሰሜን የመጣ ወራሪ፣ የሚከዳ ባለሥልጣን፣ ተነሥታ የምትዋጋ ልጅ፤ አዳራሽ የገባው ሁሉ ማን ማን እንደሆነ ይገባዋል። ፊልሙ በየካቲት 1939 ተመርቆ ለ85 ቀናት ያህል ሳይወርድ ታየ።

ከዚያ የሆነው ያሳዝናል። ፊልሙ በጥር 1940 ወደ ቾንግቺንግ፣ ማለትም ጃፓንን ይዋጋ የነበረው የቻይና መንግሥት ወደተቀመጠበት ከተማ ተወሰደ። የመንግሥቱ ሳንሱር አልፎት ነበር። ሆኖም ፊልም ሠሪዎቹ ከጠላት ጋር ተሻርከዋል የሚል ክስ ተነዛ፤ የተቆጣ ሕዝብ ሲኒማ ቤት ገብቶ የፊልሙን ጥቅልሎች አውጥቶ መንገድ ላይ አቃጠላቸው። ሻንጋይ ውስጥ ሰው የወደደው የአገር ፍቅር ፊልም ቾንግቺንግ ውስጥ በክህደት ተከሶ ነደደ። በጠላት ከተማ ተቀምጦ ስለ ነፃነት መናገር የቻለ ሰው መቼም ሙሉ እምነት እንደማይጣልበት ያ ምሽት ያሳያል፤ ሙላንም በጓዶቿ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው ልክ እንዲህ ባለ ስጋት ውስጥ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሙላን አውሮፕላን ገዛች። የሄናን ኦፔራ ዝነኛ የሆነችው ቻንግ ሺያንግዩ የኮሪያ ጦርነት በተፋፋመበት በ1951 የኦፔራ ጓዷን ይዛ ለወራት ከከተማ ከተማ እየዞረች ሙላንን ተጫወተች፤ የተገኘውም ገንዘብ ለአንድ ተዋጊ አውሮፕላን መግዣ ተሰጠ። በጓዱ ስም የተሰየመ ሚግ 15 ቤጂንግ አጠገብ ባለው የአቪዬሽን ሙዚየም ይታያል። ኦፔራው በ1956 በፊልም ተቀረጸ። በ1964 ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ሾው ብራዘርስ የራሱን ሙላን ሠራ፤ ያቺን ሙላን የሆነችው ሊንግ ፖ ዝናዋን ያገኘችው በወንድ ገጸ ባሕርይ ስለነበር፣ ወንድ መስላ የምትዘምት ሴት መጫወት አላቃታትም። በ1998 የዲዝኒ ካርቱን መጣ፤ ሩራኖቹን በሁኖች ተክቶ፣ የሚያስቅ ድራጎን ጨምሮ ሙላንን በዓለም ልጆች ሁሉ ዘንድ አሳወቃት።

እንግዲህ የ2009ኙ ፊልም የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጂንግል ማ የሆንግ ኮንግ ሰው ሲሆን ቀደም ብሎ በካሜራ ባለሙያነት የጃኪ ቻንን ፊልሞች የቀረጸ ነው። ሙላንን የተጫወተችው ዣዎ ዌይ ከ1998 ጀምሮ በአንዲት ፈንጠዝያ ወዳድ ልዕልት የቴሌቪዥን ድራማ ፊቷን ለቻይና ቤት ሁሉ ያስለመደች ተዋናይት ናት። በዚያው በ2009 መጀመሪያ በጆን ዉ «ቀይ ገደል» ሁለተኛ ክፍል ላይ ወታደር መስላ ጠላት ሰፈር ውስጥ የምትሰልል ልጅ ሆና ታይታ ነበር። የቤጂንግ ፊልም አካዳሚ የክፍል ጓደኛዋ ቼን ኩን የጦር መኮንኑን ዌንታይን፣ ሁ ጁን የሩራኑን መንዱን፣ የጃኪ ቻን ልጅ ጄይሲ ቻን የመንደሯን ልጅ ሆነው ተጫውተዋል። ሩሲያዊው ዘፋኝ ቪታስ ሳይቀር በሩራን ወገን አለ። ፊልሙ በኅዳር 27 ቀን ለተመልካች ቀረበ፤ ዣዎ ዌይም በሚቀጥለው ዓመት በሕዝብ ድምፅ የሚሰጠውን «የመቶ አበቦች» ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት ወሰደችበት።

ፊልሙ የሚጀምረው ሰው በሚጠብቀው መንገድ ነው። የታመመ የቀድሞ ወታደር አባት አለ፤ ልጅቷ ትጥቁን ይዛ ሳትሰናበት ትወጣለች፤ ሰፈር ውስጥ ማንነቷን የሚያውቀው የመንደሯ ልጅ ብቻ ነው፣ ቆይቶ ዌንታይም ያውቃል። የፊልሙ አሳብ የሚገለጥበት የመጀመሪያው ትዕይንት የተሰረቀው የጄድ ጌጥ ነው። ከወታደሮቹ የአንዱ ጌጥ ይጠፋል፤ አዛዡ ሁሉም ልብሱን አውልቆ እንዲፈተሽ ያዛል። ሙላን ያልሰረቀችውን ሰረቅሁ ትላለች። ቅጣቱ ሞት እንደሆነ ታውቃለች። ሴትነቷ ቢታወቅም ሞት ነው፤ ግን በሌብነት ብትሞት ቢያንስ አባቷ በሠራዊቱ ላይ አጭበረበረ ተብሎ አይጠየቅም። ሩራኖች በሌሊት ሰፈሩን ባያጠቁ ኖሮ ታሪኳ እዚያው ባበቃ ነበር። ትዕይንቱ ረጅም አይደለም፣ ሰይፍም አይመዘዝበትም፤ ሆኖም ያቺ ልጅ በየቀኑ በምን ዓይነት ፍርሃት እንደምትኖር ከየትኛውም የጦር ትዕይንት የበለጠ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሙላን ትገድላለች፣ ትሾማለች፣ እንደገና ትገድላለች። ፊልሙ ድልን የሚቆጥረው በሞቱት ነው። ወታደሮቹ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የስም ምልክት አላቸው፤ ከውጊያ በኋላ ከሬሳው ላይ እየተለቀመ ይሰበሰባል። ደም የነካው ምልክት በእጇ ሲገባ የዣዎ ዌይ ፊት ላይ የሚታየው ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ለእነዚህ ሰዎች ተጠያቂዋ እኔ ነኝ የሚል የአዛዥ ድንጋጤም አለበት።  እዚህ ለማጨብጨብ ፋታ የለም፤ ካሜራው ከጠላት ሬሳ ወደ ወገን ሬሳ ይዞርና እዚያ ይቆማል። ዳይሬክተሩ የቆየበት ሙያ ካሜራ በመሆኑ ይመስላል፣ በቃል ሊነገር የሚችለውን ብዙ ነገር ለፊት ትቶታል።

የፊልሙ ትልቁ ፈተና የሚመጣው ፍቅርና አዛዥነት ሲጋጩ ነው። ሙላን ለዌንታይ ስትሳሳ ውሳኔዋ ይዛባል፤ በዚያም የተነሣ ሰው ይሞታል። ዌንታይ ይህን ሲረዳ ሞቻለሁ አስብሎ ይሰወራል፤ የደም ምልክት ያለበት የስሙ ሰሌዳ ብቻ ይደርሳታል። ሙላን መጠጥ ውስጥ ትገባለች። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ጀግና ድንኳን ውስጥ ሰክሮ ሲያለቅስ እናያለን፤ ከዚያም ተነሥታ ጦሩን መምራት አለባት፣ ምክንያቱም ውጭ የሚጠብቋት ሺህ ሰዎች የእሷን ኀዘን ለመካፈል ጊዜ የላቸውም። የዲዝኒዋ ሙላን እንዲህ ያለ ሌሊት አላደረችም። የሹ ዌይዋም አላደረችም። ክፍተቱን ለመሙላት ከተሞከረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይህ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተዋጋ ሰው የሚሸከመው ነገር ከድል ይልቅ የሞቱ ሰዎች ስም ነውና።

ጉድለትም አለው። ዌንታይ ተራ የጦር መኮንን ሆኖ ቆይቶ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የዌይ ንጉሥ ልጅ መሆኑ ይገለጣል። ይህ ታሪኩን ቀደም ሲል ከቆመበት ጭቃ አንሥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ይወስደዋል። ከድንኳን ውስጥ የተገኘው እውነት በዘውድ ይሸፈናል። መንዱም አባቱን ገድሎ ሥልጣን የሚነጥቅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክፉ ብቻ የሆነ ሰው ነው፤ ሩራኖች ለምን በየጊዜው ወደ ደቡብ እንደሚወርዱ፣ ግጦሽ ሲጠፋና ከብት ሲያልቅ ምን እንደሚሆኑ አንድ ቃል አይነገርም። የሙላንን ወገን እንዲህ በጥንቃቄ ያየ ፊልም ከበረሃው ማዶ ያለውን ሰው ለማየት ያን ያህል አልደከመም።

ይህም ሆኖ፣ በ2020 በ200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ከወጣው የዲዝኒ ፊልም ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል። በኒኪ ካሮ የተመራውና ሊዩ ዪፌይ የመሪነቱን ሚና የያዘችበት ያ ፊልም ሙላንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተለየ ውስጣዊ ኃይል የታደለች አድርጎ ያቀርባታል። የምትኖረውም በፉጂያን አውራጃ፣ በደቡብ ቻይና በሚገኝ ክብ የአፈር ግንብ መንደር ውስጥ ነው፤ የሰሜኑ ድንበር ከዚያ እጅግ ሩቅ ነው። የቻይና ተመልካቾች ይህን ሲያዩ ብዙ ተነጋግረውበታል። መንደሩ ግን ትንሹ ችግር ነው። ተአምረኛ ኃይል ያላት ልጅ ለማሸነፍ ምንም አይጎድላትም፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት አያስፈልጋትም። የጂንግል ማ ሙላን ግን ጦርነቱን የምትማረው በሰው ሞት ነው። አባቷ ያስተማራት ቀስትና ሰይፍ አላት፤ ጓዷ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ግን አባቷም አላስተማራትም።

የ2009ኙ ፊልም መጨረሻ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ዌንታይ ለወታደሮቹ ሕይወት ሲል ራሱን ለሩራን አሳልፎ ይሰጣል፤ ሙላን የሴት ልብስ ለብሳ ወደ ጠላት ሰፈር ትገባለች፤ ሰላም የምትፈልገው የሩራን ልዕልት ታግዛታለች፣ መንዱም በሙላን እጅ ይሞታል። ሰላም ይወርዳል፣ ዋጋውም ይነገራል፦ ዌንታይ የሩራኗን ልዕልት ማግባት አለበት። ጦር ሜዳ አብረው የቆዩት ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሙላን ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

የሰላም ዋጋ የሆነው ጋብቻ የፊልም ጽሑፍ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሰሜን ዌይ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ምዕራብ ዌይና ምሥራቅ ዌይ የሩራንን ወዳጅነት ለማግኘት ይሻሙ ነበር። በ538 የምዕራብ ዌይ ንጉሥ የሩራኑን ካን ልጅ አገባ፤ እሷን እቴጌ ለማድረግም የልጅነት ሚስቱን እቴጌ ዪፉን ከዙፋን አወረዳት። ዪፉ ልጆች የወለደችለት ሚስቱ ነበረች። ጸጉሯን ተላጭታ መነኮሰች፣ ወደ ልጇ ግዛት ተላከች። ይህም አልበቃም። በ540 የሩራን ጦር ወደ ደቡብ ወረደ፤ የወረደውም በቀድሞዋ እቴጌ ምክንያት ነው ተብሎ ተወራ። ንጉሡ ለአንዲት ሴት ሲባል ይህን ያህል ሠራዊት ይነሣል ብሎ ለማመን እንደተቸገረ ታሪክ ይናገራል፤ ቢሆንም ራሷን እንድታጠፋ አዘዘ። ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። በማይጂ ተራራ ገደል ውስጥ በተጠረበ ዋሻ ቀበሯት። ሩራኗ እቴጌ ደግሞ በዚያው ዓመት በወሊድ ሞተች። ስታገባ 14፣ ስትሞት 16 ዓመቷ ነበር። በ545 ምሥራቅ ዌይን በተግባር የሚገዛው ጋዎ ሁዋን በተራው ሌላ የሩራን ልዕልት አገባ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ552፣ ሩራኖች ራሳቸው ለእነሱ ብረት ይቀጠቅጡ በነበሩት ቱርኮች ተሰበሩ፤ ጥቂት ቆይቶም ኅብረታቸው ጠፋ። የሙላን ግጥም የተመዘገበበት መድበል የተዘጋጀው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው።

ጂንግል ማ ለሩራኗ ልዕልት የሰጣት ጥቂት ትዕይንት ነው፤ ታግዛለች፣ ትዳራለች፣ ከዚያ አናያትም። ሙላን ፈረስ ገዝታ ወደ ሰሜን ስትወጣ፣ ይህች ደግሞ በሌላ ሰው ስምምነት ወደ ደቡብ ትወርዳለች። አንዷ በአባቷ ፈንታ ራሷ ለመሄድ ወስናለች፤ የሌላዋን ፈቃድ የጠየቀ የለም። ሙላን በየአሥርና በየሃያ ዓመቱ አዲስ ፊልም ይሠራላታል፤ የሚቀጥለው ዳይሬክተር የ538ቷን የ14 ዓመት ልጅ በስድስቱ ስንኝ ውስጥ ቢያስገባት፣ እስካሁን ማንም ያልተጫወተው ሙሉ ታሪክ ያገኛል።